ሚኒስትሩ ያልተቀበለው ደብዳቤ

ሚኒስትሩን ሰው ሁሉ «እሳቸው» ይላቸዋል። እኔ «እሱ» ነው የምለው። ንቀት አይደለም፣ ልማድ ነው። ዲላ ውስጥ፣ ጣሪያው በሚያፈስ ክፍል፣ አንድ ጠረጴዛ ለሁለት ተካፍለን ሠርተናል። ዝናብ ሲጀምር እሱ በዚያ ጫፍ፣ እኔ በዚህ ጫፍ ይዘን ጠረጴዛችንን ወደ ደረቁ ጥግ እናዞር ነበር። ስንት ክረምት አብሮኝ ጠረጴዛ የተሸከመን ሰው፣ ማዕረጉ ምንም ቢሆን፣ «እሳቸው» ለማለት ምላሴ እሺ አይለኝም።

ስለ ሥራ ዘመኑ ሲነገር መቼም የማይቀር አንድ ነገር አለ። ከዞን ባለሙያነት ተነስቶ የአገሪቱን ንግድና ኢንዱስትሪ እስከ መምራት መድረሱ ይወሳና፣ ወዲያው «ገና በወጣትነታቸው የኮቸሬን የቡና ሚዛኖች አስተካክለው ገበሬውን ያዳኑ» ይባላል። ይህን ስሰማ ደሜ ይፈላል። የኮቸሬን ሚዛኖች ያበላሸኋቸው እኔ ነኝ። ያስተካከልኳቸውም እኔ ነኝ። እሱ በመሃል ያደረገው ሌላ ነገር ነው። ያንን ደግሞ ማንም ስለማይናገረው እኔ ልናገር።

አባቴ ከጉራጌ አገር መጥቶ ዲላ ገበያ አጠገብ ሱቅ የከፈተ ሰው ነበር። ጨው፣ ስኳር፣ ሳሙና፣ ምስማር ይሸጣል። ያደግሁት ከባንኮኒው ጀርባ ነው። ሚዛን በምን በምን እንደሚሰርቅ ፊደል ሳልቆጥር ነው ያወቅሁት፤ አውራ ጣት የት እንደሚያርፍ፣ ከሳህኑ ሥር ምን እንደሚለጠፍ። አባቴ ራሱ አላደረገውም ብዬ አልምልም። ኮሜርስ ተምሬ ተመልሼ በንግድና ኢንዱስትሪ መሥሪያ ቤት የሚዛን ተቆጣጣሪ ሆኜ ስቀጠር፣ የመጀመሪያውን ቀን የሄድኩት ወደ አባቴ ሱቅ ነው። ሚዛኑን አሸግኩበት። ሦስት ሳምንት ሙሉ አላናገረኝም። እናቴ ግን በጓሮ በኩል ምሳ ትልክልኝ ነበር።

ችግሩ፣ የሚዛን ተቆጣጣሪ ሆኜ የምቆጣጠርበት ነገር አልነበረኝም። መሥሪያ ቤቱ የነበሩት የብረት መፈተሻ ክብደቶች መንግሥት በተለወጠበት ግርግር ጠፍተዋል። አንዱን አንድ ሻይ ቤት በር ማቆሚያ ሆኖ አየሁት ያለኝ ሰው ነበር፤ ሄጄ ብፈልግ አጣሁት። አዋሳ ላለው የክልሉ ቢሮ ደብዳቤ ጻፍን። «በግዢ ሂደት ላይ ነው» የሚል መልስ መጣ። በዓመቱ ጻፍን፣ ያው መልስ መጣ። የቡናው ወቅት ግን የአዋሳን ግዢ አይጠብቅም። እሸት ቡናው ቀልቷል፣ ገበሬው በጀርባው ተሸክሞ ነጋዴ ቡና ወደሚረከብበት መረከቢያ ይወርዳል፣ ባስኩላው፣ ትልቁ የወለል ሚዛን፣ ተዘርግቶ ይጠብቀዋል።

እኔም ራሴ ሚዛን ላይ መውጣት ጀመርኩ። ሌላ ምን አማራጭ ነበረኝ? ካገባሁ ጀምሮ ክብደቴ ሃምሳ ሁለት ኪሎ ነበር፣ ውልፍት ብሎ አያውቅም። ወቅቱ ሲገባ ሆስፒታል ሄጄ እመዘናለሁ፣ ከዚያ ከፍስሐ ገነት እስከ ሬኮ ያለውን የኮቸሬ ወረዳ መረከቢያ እየዞርኩ፣ ጫማዬን አውልቄ ባስኩላው ላይ ቀጥ ብዬ እቆማለሁ። ሃምሳ ሁለት ካለ ደህና ነው። ሃምሳ ካለ ወይም ሃምሳ አራት ካለ ካቻቢቴዬን አውጥቼ ብሎኑን አዞርና ሃምሳ ሁለት ላይ አመጣዋለሁ፣ በሽቦና በእርሳስ አሽጋለሁ፣ እፈርማለሁ። መጀመሪያ ሰው ይስቅ ነበር። ባለትዳር ሴት በሕዝብ ፊት እንደ ቡና ስትመዘን ማየት ለእናቴ ውርደት ነበር፤ «ከገበያ ውስጥ ወጥተሽ ገበያ ላይ ተሰቀልሽ» ብላ አለቀሰችብኝ። በኋላ ግን ለመድኩት፣ እንዲያውም ኮራሁበት። በኮቸሬ ቁጥሬን የማያውቅ አልነበረም። ልጆች ሳልፍ «ሃምሳ ሁለት!» ይሉኛል።

እሱ በዚያን ጊዜ መምሪያ ኃላፊ ሆኖ ተሹሟል። እውነቱን ልናገር፤ ሹመቱ ይገባው ነበር። ጉቦ አይበላም፣ ሰው አያመላልስም፣ የእጅ ጽሑፉ እንደ ማተሚያ ነው። ሪፖርት ሲጽፍ ግን አንድ በሽታ ነበረበት፦ ያልተፈታ ነገር ሪፖርት ላይ ሲቀር ያመዋል። ሁሉም ነገር «ተጠናቋል» መባል አለበት። እኔ ሳምንት ሙሉ የለፋሁበትን እሱ በአንድ መስመር ያሳምረዋል። ስንቃለድ «አንቺ ትቆሚያለሽ፣ እኔ እጽፋለሁ» ይለኝ ነበር።

ታሪኩ በሆነበት ዓመት ክረምት ላይ አንድ መካኒክ መጥቶ በየመረከቢያው ያሉትን ባስኩላዎች ሁሉ ፈቶ ጠግኖ ሄዶ ነበር። ጥቅምት ሲገባ ሆስፒታል ሄጄ አልተመዘንኩም። የምታውቀኝ ነርስ ተዛውራለች፣ ወረፋው ረጅም ነው፣ ደግሞስ ምን ለውጥ ይኖራል? ሃምሳ ሁለት ነኝ። በዚህ እብሪት ተነስቼ ኅዳር ላይ ኮቸሬ ወጣሁ። የመጀመሪያው ባስኩላ ሃምሳ ስድስት አለ። ሁለተኛውም ሃምሳ ስድስት አለ። ሦስተኛውም እንዲሁ። መካኒኩን ረገምኩት። «ሁሉንም አንድ ዓይነት አድርጎ አበላሽቷቸዋል» አልኩ። ካቻቢቴዬን አወጣሁና አንድ በአንድ፣ ከፍስሐ ገነት እስከ ሬኮ፣ አራት አራት ኪሎ ቀንሼ ሃምሳ ሁለት ላይ አመጣኋቸው። አሸግኩ፣ ፈረምኩ። ሪፖርቱን እሱ አሳምሮ ጻፈው፦ የቡና ሚዛኖች በሙሉ የተዛቡ ሆነው ተገኝተው በመምሪያው ጥረት ተስተካክለዋል። አዋሳ ወደደው። ለሌሎች ዞኖች ምሳሌ ይሁን ተብሎ ተላለፈ፣ እሱም ለስብሰባ ተጠራ።

ሁለት ሳምንት ያህል ቆይቼ ወደ ሬኮ በሚወስደው መንገድ ላይ ካለ አንድ መረከቢያ ስደርስ ጭቅጭቅ ጠበቀኝ። አንዲት በዕድሜ የገፉ የጌዴኦ ሴት ቅርጫታቸውን ባስኩላው ላይ አስቀምጠው አላነሳም ብለዋል። ተረካቢው አሥራ ስድስት ኪሎ ነው ይላል። እሳቸው ሃያ ነው ይላሉ።

«ይሄ ቅርጫት ባሌ የሠራው ነው፤ እሱ ሞተ፣ ቅርጫት አልሞተም» አሉኝ፣ አማርኛቸው ሰበር ሰበር እያለ። «ሞልቼ ሳመጣ ሁልጊዜ ሃያ ነው። ዘንድሮ ምን በላው?»

«እማማ፣ ሚዛኑን እኔ ነኝ የፈተሽኩት።»

«አንቺ ፈተሸ?»

«እኔ ነኝ። ይኸው ይዩ።» ጫማዬን አውልቄ፣ ሰው እያየ፣ ቅርጫቱን አውርጄ ወጣሁ። ሃምሳ ሁለት አለ። «አዩ? እኔ ሃምሳ ሁለት ነኝ። ሚዛኑም ሃምሳ ሁለት ብሏል» አልኳቸው፣ አፌን ሞልቼ።

ሴትየዋ ሚዛኑን አላዩም። እኔን ነው ያዩት፤ ከእግሬ ጀምረው ቀስ ብለው ወደ ላይ። ከዚያ ጠጋ አሉና መዳፋቸውን ሆዴ ላይ አሳረፉ። ቆጣ ልል ስል በእጃቸው ዝም አሰኙኝ።

«ይቺ ሚዛን አንድ ሰው ይላል» አሉ። «አንቺ ግን ሁለት ነው።»

እዚያ ላይ ምን እንደሆንኩ ለመናገር ትንሽ ወደ ኋላ ልመለስ። ከዚያ በፊት ሁለት ጊዜ ጽንስ ወርዶብኛል። ሁለተኛው ላይ ሐኪሙ ከእንግዲህ ተስፋ አታድርጊ ብሎኛል። የወር አበባዬም ከዚያ ወዲህ ሲፈልግ ይመጣል፣ ሲፈልግ ይቀራል። ሆዴ ሲነፋ ጨጓራዬ ነው እያልኩ ተልባ እጠጣ ነበር። ባሌ እንኳን አልጠረጠረም፣ ወይም ጠርጥሮ ፈርቶ ዝም ብሎኛል። ኋላ እንደነገሩኝ ሦስት ወልደው ሁለት የቀበሩት ሴት ግን በአንድ መዳፍ አወቁ። ባዶ እግሬን ከባስኩላው ወረድኩ። ደስታው መጀመሪያ መጣ። ከደስታው ጋር ደግሞ፣ እዚያው፣ ሌላው ነገር ገባኝ፦ መካኒኩ ምንም አላበላሸም። ባስኩላዎቹ ልክ ነበሩ። ያበላሸኋቸው እኔ ነኝ፣ በካቻቢቴዬ፣ አንድ በአንድ፣ ታሽገውም ከሥራቸው ፊርማዬ አለ።

በማግስቱ ዲላ ሆስፒታል ሄድኩ። አምስተኛ ወሬን ይዣለሁ፤ ክብደቴ ሃምሳ ስድስት ኪሎ ነው። አዋላጇ «እንኳን ደስ አለሽ» ስትለኝ ማልቀስ ጀመርኩ። የደስታ መሰላት፣ ግማሹ እውነት ነበር።

ከሆስፒታሉ በቀጥታ ወደ ቢሮ ሄድኩ። እሱ አዲስ ሸሚዝ ለብሶ አዋሳ ለመሄድ ዶሴውን እያዘጋጀ ነበር። ሁሉንም ነገርኩት። መጀመሪያ ለእርግዝናው ከልቡ ደስ አለው፣ ተነስቶ አቀፈኝ። ከዚያ ሌላው ሲገባው ቀስ ብሎ ተቀመጠ።

«ማን ያውቃል?» አለ።

«አንተና እኔ። አንዲት ሴትዮም።»

«ጥሩ። እንግዲያው ሄደሽ አንድ በአንድ መልሺያቸው። ዝም ብለሽ። የዓመት ምርመራ ነው በያቸው።»

«የተቀነሰባቸውስ? ሁለት ሳምንት ሙሉ በየምዘናው አራት ኪሎ ተቀንሶባቸዋል። ሃያ ኪሎ ካመጣች መበለት አራት ኪሎ ተበልቷል፣ መቶ ኪሎ ካመጣውም አራት ነው። ድሃውን ነው የበላነው።»

«አልበላሽም። ተሳሳትሽ።»

«ስለዚህ ተሳስተናል ብለን እንጻፍ።»

ደብዳቤውን ጽፌ ይዤ ነበር። አጭር ነው፦ ባለፈው ሪፖርት የተዛቡ ናቸው የተባሉት ሚዛኖች ትክክለኛ ነበሩ፣ ያዛባኋቸው እኔ ነኝ፣ ምክንያቱ ይህ ነው፣ ለገበሬው ይነገር፣ ሪፖርቱ ይታረም። ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥኩለት። ሳይነካው አነበበው። ከዚያ በእርሳሱ ጫፍ ወደ እኔ ገፋው።

«አላየሁትም» አለ። «ይኸን ከተቀበልኩ አንቺም ትባረሪያለሽ፣ እኔም እዚሁ እቀራለሁ። ልጅሽን አስቢ።»

ልጄን አሰብኩ። እስከ ዛሬ በሕይወቴ እንደዚያ ቀን ልጄን አስቤ አላውቅም። ሆዴ ውስጥ ሆና የመዘነችው አራት ኪሎ ከሰው ቅርጫት ተወስዷል፤ አሁን ደግሞ ዝም እንድል በእሷ እለመን ነበር። ደብዳቤዬን አንስቼ ወጣሁ።

ሴትየዋን ፈልጌ አገኘኋቸውና ሶንጎ ውሰዱኝ አልኳቸው። ሶንጎ የጌዴኦ ሽማግሌዎች ተሰብስበው የሚመክሩበትና የሚፈርዱበት ሜዳ ነው። ለመንግሥት ሠራተኛ፣ ያውም ለነጋዴ ልጅ፣ ያውም ለሴት፣ እዚያ ቆሞ መናገር ቀላል አይደለም። እሳቸው ቀድመው ገብተው ምን እንዳሉ አላውቅም፣ በጌዴኦኛ ነው፣ ፈጣን ነው። ከዚያ ተጠራሁ። የመረከቢያዎቹ ባለቤቶችም ተጠርተው ጥግ ላይ ተቀምጠዋል፤ ግማሾቹ የአባቴ ወዳጆች ናቸው። ቆሜ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ነገርኳቸው። ማንም አላቋረጠኝም። ስጨርስ አንድ ሽማግሌ «ኃላፊሽ ያውቃል?» ብለው ጠየቁኝ። «ያውቃሉ» አልኩ። ያን ጊዜ ብቻ ነው «እሳቸው» ያልኩት፣ መሥሪያ ቤቱን እንዳላዋርድ ብዬ።

ፍርዱ ግማሽ ቀን ፈጀ። ሚዛኖቹ ዛሬውኑ ወደ ልካቸው ይመለሱ ተባለ። እስከ ወቅቱ መጨረሻ ደግሞ የሚመዘን ቅርጫት ሁሉ፣ ባስኩላው ካለው በላይ አራት ኪሎ ይጨመርለት፤ የተወሰደው በዚያው መንገድ ይመለስ። ነጋዴዎቹ ተንጫጩ። አንዱ «ሌባ ሊያሰኘን ነው እንዴ?» አለ። እኔም ወረቀት አውጥቼ ጥፋቱ የእነሱ ሳይሆን የእኔ መሆኑን በየስማቸው እየጻፍኩ ፈረምኩላቸው። ከዚያ ነገሩ በረደ። ባስኩላዎቹን አንድ በአንድ ወደ ልካቸው መልሼ ያንኑ ወረቀት በየላያቸው በሙጫ ለጠፍኩ። ማኅተም የለውም፣ ቁጥር የለውም፣ ፊርማዬ ብቻ ነው ያለበት።

እሱ ከአዋሳ ሲመለስ ሁሉንም ሰምቶ ነበር። አልጮኸብኝም። «ከመስክ ሥራ ተነስተሻል» የሚል ደብዳቤ በዚያ ቆንጆ የእጅ ጽሑፉ ጽፎ ሰጠኝ። መዝገብ ቤት ገባሁ። አቧራ፣ አይጥ፣ ዶሴ። ሴት ልጅ ወለድኩ፣ ጤነኛ፣ ለመወለድም ለመጮህም ያልዘገየች። እሱ በዚያው ዓመት አዋሳ ተሾመ። ከዚያ አዲስ አበባ። ከዚያ ሚኒስትር ዴኤታ። ከዚያ ሚኒስትር። እያንዳንዷን ሹመት ከሬዲዮ ሰማሁ። ሪፖርቱ ግን አልታረመም። ያቺን ደብዳቤ ለመጣው ኃላፊ ሁሉ አቀረብኩ። መዝገብ ቤቱ የኔ ነው፣ የቁጥር ማህተሙ በእጄ ነው፣ ግን ኃላፊ ሳይመራበት ቁጥር ብሰጠው እኔም ሌላ ሐሰት ሠራሁ ማለት ነው። አንዱ «የበላይ ሰው ጉዳይ ነው» ብሎ መለሰልኝ፤ ሌላው ጆሮ ዳባ ልበስ አለኝ፤ ሦስተኛው «እስካሁን አልተውሽውም?» ብሎ ሳቀብኝ። አልተውኩትም። ለምን ብዬ?

ሚኒስትር ሆኖ ዲላ የመጣ ዕለት ከተማው ውስጥ ባጃጅ እንዳይንቀሳቀስ ተብሎ እኔ በእግሬ ነው አዳራሹ የደረስኩት። ለረጅም ዘመን አገልጋዮች የምስክር ወረቀት ስለሚሰጥ እንድገኝ ተነግሮኛል። አዳራሹ ሞልቷል፤ ከኮቸሬ የመጡ ገበሬዎች ሳይቀሩ ከኋላ ተቀምጠዋል። እሱ መድረኩ ላይ ፀጉሩ ሸብቶ፣ ያው ድምፁ፣ ያው ረጋ ያለ አነጋገሩ። የሚዛኖቹን ነገር አነሳ። መፈተሻ ክብደት ስላልነበረን አንዲት ቆራጥ ባለሙያ በገዛ ሰውነቷ ሚዛን እየፈተሸች ገበሬውን እንዴት እንዳዳንን ተረከ። አሳምሮ ነው የተረከው። እርግዝናዬ የለም፣ ሴትየዋ የሉም፣ ሶንጎ የለም፣ ደብዳቤዋ የለችም። አዳራሹ አጨበጨበ። ከዚያ እኔን ጠራ።

ወጣሁ። የምስክር ወረቀቱን በግራ እጄ ተቀበልኩ፤ አመሰገንኩም። በቀኝ እጄ ደብዳቤዋን ከቦርሳዬ አወጣሁና ማይክሮፎኑ ፊት ቆምኩ።

«ክቡር ሚኒስትር» አልኩ፣ «እርስዎ የተረኩት ታሪክ ግማሹ እውነት ነው። የቀረው እዚህ ላይ አለ።» አነበብኩት። አጭር ስለሆነ ማንም ሊያስቆመኝ አልደረሰም። ከኋላ ካሉት ገበሬዎች አንዱ ጮክ ብሎ «እውነት ነው! አራት ኪሎ!» አለ፣ ሌሎቹም ራሳቸውን ነቀነቁ። ፊት ወንበር ላይ ያሉት ግን ቀና ብለው አላዩኝም። ደብዳቤዋን ጠረጴዛው ላይ፣ ከፊቱ አስቀመጥኩ። ብዕርም አስቀመጥኩ።

ጎንበስ ብሎ፣ ማይክሮፎኑን በመዳፉ ሸፍኖ፣ «እዚህ?» አለኝ።

«እዚህ» አልኩት። «አንተ እንደምትጽፍ እኔ ደግሞ እንደምቆም ታውቃለህ።»

ደብዳቤዋን ደግሞ አነበባት። እኔም ቆምኩ። የፕሮግራም መሪው ክንዴን ነካ አደረገኝ፤ አልተነቃነቅሁም። የሚኒስትሩ ፊት ላይ ንዴት ፈልጌ አጣሁ፣ ያየሁት ድካም ነበር፣ ትንሽ አዘንኩለትም። ግን ከቦታዬ ፈቀቅ አላልኩም። በመጨረሻ ብዕሩን አነሳና በዚያ ቆንጆ ጽሑፉ ከደብዳቤዋ ግርጌ «ከፋይሉ ጋር ይያያዝ» ብሎ ጻፈ፣ ፈረመ፣ ቀን አኖረ።

በማግስቱ ጠዋት መዝገብ ቤቱን ከፈትኩ። ሚኒስትር የመራበትን ወረቀት የትኛው ኃላፊ ይከለክለኛል? ቁጥር ሰጠሁት፣ ማኅተሙን መታሁበት፣ ከሪፖርቱ ላይ፣ ከሁሉም በላይ አያያዝኩት። ከእንግዲህ የሚኒስትሩን የሥራ ዘመን ለመጻፍ ያንን ፋይል የሚገልጥ ሰው መጀመሪያ የሚያነበው የኔን ጥፋት ነው። ከሥሩ ደግሞ የእሱን ፊርማ ያገኛል።